ታንከሩ ላይ የተሰቀለው ሻርፕ

ሂዳያ ከከሚሴ ተነስታ ሐርጌሳ የገባችው ልብስ ልትነግድ ነበር። ንግዱ አልሆን ሲላት መጥረጊያ አነሳች፤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ባለው አሮጌ የውሃ ፓምፕ ቤት በጽዳት ሥራ ስድስት ዓመት ቆየች። ፓምፑ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ከተማው ዛሬ ውሃውን በሌላ መስመር ያገኛል፤ መስመሩ ያልደረሰው ደግሞ በቦቴ ያስመጣል። የድሮው የናፍጣ ሞተርና ደጅ ያለው ትልቁ የውሃ ታንከር ግን እዚያው ናቸው፤ ሂዳያም ከገዛ ጫማዋ አብልጣ ሞተሩን ስትወለውል ኖራለች።

የአስጎብኚነቷ ነገር የመጣው ሳታስበው ነው። የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት የፓምፑን ቤት ተማሪዎች እንዲጎበኙት ፈቅዶ፣ ታሪኩን ከወረቀት የሚያነብ ሰው መድቦ ነበር። ሰውየው አንድ ቀን ቀረ። አርባ ተማሪ ከኮድቡር ሰፈር በእግሩ መጥቶ በር ላይ ተገትሯል። ሂዳያ ምን ታድርግ? መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ ጀመረች።

መጀመሪያ ከድሮው ዘበኛ የሰማችውን እውነት ተናገረች። ዋርሰሜ የሚባል ሞተረኛ እንደነበረ፣ ውሃው መምጣቱን ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ ያውቅ እንደነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው ተገንጥሎ እንደወደቀ። ልጆቹ አዛጉ። ማዛጋታቸው ደሟን አፈላው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷም አታውቀውም፤ አፏ ሳያማክራት ሄደ።

"ዋርሰሜ ውሃው ሲመጣ የሚስቱን ቀይ ሻርፕ ታንከሩ አናት ላይ ይሰቅል ነበር! ሴቶቹ ከሩቅ ያዩትና ጀሪካናቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ሌላ ጨርቅ ቢሰጡት እምቢ! ከሷ ሻርፕ በቀር አልሰቅልም አለ፣ ከመውደዱ ብዛት!"

ልጆቹ በጩኸት ቤቱን አናጉት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! በመጡ ቁጥር ሻርፑ ላይ አንድ ነገር ትጨምራለች። ወረቀት አንባቢውም ተገላገልኩ ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። መንገድ ላይ ልጆች "የሻርፗ! የሻርፗ!" እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ እሷም እንዲጠሯት ብላ ባጃጁን ትታ በእግሯ ትመላለሳለች። በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜዋ ንግግሯን እስክትጨርስ የታገሳት ሰው አልነበረም። አሁን አርባ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጣት ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኢልሃን መጣች።

"ታሪኩን በር ላይ በትልቅ ሰሌዳ እናስለዋለን፤ ሻርፑም ይሳላል" አለቻት። "አንቺም በደንብ አስጎብኚ ሆነሽ ትቀጠሪያለሽ። መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዘው።"

ሂዳያ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ኢልሃን ቀጠለች። "ብቻ ማረጋገጥ አለብኝ። ያልነበረ ነገር ሰሌዳ ላይ ካወጣን አንቺም እኔም አለቀልን። ሐሙስ የዋርሰሜን ሚስት ይዤ እመጣለሁ።"

"ሚስቱን?"

"አዎ፣ ሻሚስን። 26 ጁን ሰፈር ነው የሚኖሩት።"

ያ አላህ! ሂዳያ ሴትዮዋ በሕይወት ይኖራሉ ብላ አስባ አታውቅም። ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ዋሽቻለሁ ልበል ብላ ስልኩን ስታነሳ መጥረጊያው ይታያታል፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ሐሙስ ደረሰ። ሻሚስ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቢጫ ሻርፕ የደረቡ፣ ሰፈሩ ሁሉ "አዬዮ" እያለ እንደ አያቱ የሚያከብራቸው ቀጭን ሴት ናቸው። ሞተሩ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጣቸው። ሂዳያ ታሪኩን ጀመረች። ሻርፑ ጋ ስትደርስ እዘለው ይሆን ብላ አመነታች፤ ግን ኢልሃን አፍጥጣ ታያታለች፣ ተናገረችው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከሞተሩ ላይ አላነሱም።

"እውነት ነው?" አለች ኢልሃን፣ እስክሪብቶዋን ይዛ።

"ውሸት ነው" አሉ ሻሚስ።

ሂዳያ ሞተሩን ተደገፈች።

"እኔ ቀይ ለብሼ አላውቅም" አሉ ሻሚስ። "ቢጫ ነበር።"

ኢልሃን "ቢጫ" ብላ ጻፈችና ሠዓሊውን ልትጠራ ወጣች።

ሂዳያ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ሻሚስም ወደሷ ጎንበስ ብለው፣ በስደት ዘመን ድሬዳዋ በለመዱት አማርኛ፣ "አንቺ ውሸታም!" አሏት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ያ ሰውዬ ለኔ ሻርፕ ሊሰቅል? በጦርነቱ ስንሸሽ ልጆቹን እኔን አሸክሞ፣ እሱ የዚህን ሞተር ማስነሻ ብረት ተሸክሞ ነው ኢትዮጵያ የገባው። ወላሂ! መንገደኛው ሁሉ አይዞህ የሚለው እሱን ነበር።"

ሂዳያም ሳቋ አመለጣት። "ታዲያ ለምን አላጋለጡኝም?"

"አርባ ዓመት አብሬው ስኖር፣ አላህ ይርሀመው፣ እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም" አሉ ሻሚስ፣ ዓይናቸውን በሻርፑ ጫፍ እየጠረጉ። "ይኸው ዛሬ አለኝ። ደግሞ አንቺን አጋልጬ ላስቀረው?"

ሂዳያ እጃቸውን ሳመች።

ውጭ ኢልሃን ተጣራች። ሠዓሊው ሻርፑ ታንከሩ ላይ ሲሰቀል እንዴት እንደሚሆን ማየት ይፈልጋል። ሻሚስ ቢጫውን ሻርፕ ከትከሻቸው ገፈው ሰጡ። ሂዳያ ጫማዋን አውልቃ በዛገው መሰላል ላይ ወጣች፤ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ትስቃለች። ጫፉን ብረቱ ላይ እንዳሰረችው ነፋሱ ነጥቆ ዘረጋው። የመንገዱ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ሻሚስ ከዘራቸውን ተደግፈው ከታች ሲያዩ ቆዩና፣ ሌላው በማያውቀው አማርኛቸው ጮኹ።

"ሂዳያ! ከዛሬ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ። ሌላስ ያ ሰውዬ ምን አድርጎልኛል?"