ሂና ሌላ ቀን

አቶ ታምሩ የበደለኝ አሶሳ ያለችበት ክልል ገና በተቋቋመበት ዘመን፣ በሰኔ መግቢያ፣ ማንጎ ዛፉ ሥር እየወደቀ በሚበሰብስበት ወቅት ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሙ ደውሎ መሞቱን ነገረኝ። የደወለው ላለቅስለት አልነበረም። የታምሩ ልጅ ሰናይት እዚህ አዲስ አበባ ጎረቤቴ ናት።

«ነገ የሰናይት ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ትመረቃለች» አለኝ። «ደስታዋን አናበላሽባት። ሰኞ ማለዳ መጥተን እናረዳታለን፤ አንቺም አብረሽን ትገቢያለሽ። እስከዚያ አደራ።»

አደራውን ሰማሁ። እሺ ግን አላልኩም።

ታምሩ ሲበድለኝ ገና ወጣት ነበርኩ። ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ሂሳብ አስተምር ነበር። ከጎጃም ወጥታ ለማታውቀዋ እናቴ አሶሳ ውጭ አገር ነበረ። «ሰው አገር ማን አለሽ?» ብላ ነው የሸኘችኝ። እውነቷን ነበር። የመንደሩ ሰው የበርታ ብሔረሰብ ነው፤ እኔ ቋንቋቸውን አላውቅም፣ እነሱም ከሰላምታ አልፈው አያናግሩኝም። ዓመቱን ሙሉ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ብቻዬን አብስዬ ብቻዬን በላሁ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ድንገት ሁሉ ነገር ተለወጠ። ጎረቤቴ ዘይነብ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

«አስተማሪ፣ ዛሬ አንተ ምግብ አይሠራም» አለች። እንደ ብዙዎቹ የአገሬው ሰዎች፣ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። «እኔ አለ። ብላ።»

«ብዙ ነው፣ ዘይነብ።»

«ብዙ ይብላ! ነፋስ ይወስድሃል፣ እንደ ማሽላ ቅጠል።»

ባሚያው ጣቴ ላይ ሲዝለገለግብኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ሌላዋ ጎረቤት ማንጎ አመጣችልኝ፤ ፀሐይ ያሞቀው፣ ቀይ አፈር የነካው፣ ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ። ውኃ የሚቀዱት ልጃገረዶች ሳልጠይቃቸው እንስራዬን ሞሉልኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዘይነብ ደጅ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ የከርከዴ ሻይ እጠጣ ነበር። ወሬያቸው አይገባኝም፤ ግን ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል። በመጨረሻ ተቀበሉኝ አልኩ። ክፍል ስገባ እያንጎራጎርኩ ነበር ጠመኔ የማነሳው። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ፤ ያንን ሳምንት የሚያህል ግን አላየሁም።

ዘይነብ አንድ ነገር ብቻ ከለከለችኝ። የእህቷ ልጅ ልትዳር ነበርና ሂና ስትበጠብጥ አገኘኋት፤ እኔንም ቀቢኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ሂና ሌላ ቀን» አለችና ፊቷን አዞረች።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ታምሩ ፊት ቆሟል፤ ከኋላው መምህራኑና የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ከዳር ዘይነብ። እኔ ባደግሁበት አገር ማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን ያውቀዋል።

«እናትሽ አርፈዋል። በርቺ» አለ።

«መቼ?»

መሬት መሬት አየ። «እኔ ከሰማሁ ሰንበትበት ብሏል። ልጆቹ ሌላ የሂሳብ አስተማሪ የላቸውም። ደግሞ ላንቺም ብለን ነው… ብቻሽን እንዳትሆኚ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬ ነበር።»

ለጎረቤቱ ሁሉ። ገንፎው፣ ማንጎው፣ እንስራው፣ ሁሉም ልቅሶ መድረስ ነበር፤ የሞተባት ብቻ አላወቀችም። ሐዘንተኛ ደግሞ ሂና አትቀባም።

አገሬ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል። ታላቅ ወንድሜ «እንግዳ መጣች፣ ወንበር አምጡላት» አለ። ቆይቶም ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሰው አገር ተስማምቶሻል፤ ወፍረሻል» አለኝ። እውነት ነው፣ ወፍሬ ነበር።

ታምሩ የእናቴን ልቅሶ ነጥቆኛል፤ ይቅር አላልኩትም። ልጁን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር በሬን ዘግቼ እውላለሁ። እሱን የማልከስስበት ነገር ግን አለ፦ እስከ ዛሬ ማንጎ ሲሸተኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ደስታው ነው። እናቴ የምትመጣው ከኋላ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰናይት ቤት ሄድኩ። ብስኩት እየጠበሰች ነበር። ሕፃኗ የምርቃት ጋወኗን ለብሳ፣ ቆቡ ዓይኗ ላይ እየወደቀ፣ ሳሎኑ ውስጥ ትሽከረከራለች።

«እትዬ፣ ይቅመሱ እስቲ፤ ስኳሩ በዛ?»

ቀመስኩ። ልክ ነበር። ማንም እንደ እኔ መታለል የለበትም እያልኩ ነው ዕድሜዬን የኖርኩት። የወጥ ቤቱን በር ዘጋሁና «አባትሽ አርፈዋል» አልኳት።

በበሩ መስታወት በኩል ልጇን አየች።

«እትዬ» አለች፣ «እስከ ነገ ቢተዉኝ ምን ነበረበት?»

ዘይነብ ብትሆን ምንም ሳትነግራት ብስኩቱን አብራት ትጠብስ ነበር።

ዘይቱን ከምድጃው አወረድኩ። ሕፃኗን ወደ ቤቴ ወስጄ ጋወኑን አወለቅሁላት።