አበልጅ ሲከዳ

ኒካኖራና ኦብዱሊያ ደቡብ ሜክሲኮ ባለች ትንሽ ከተማቸው አብረው ጭቃ እያቦኩ ያደጉ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ኦብዱሊያ የኒካኖራን ልጅ ክርስትና ካነሳች ወዲህ ግን እንደ አገሩ ወግ "አንቺ" መባባል ቀረ። ቢሳሳቁም ቢኮራረፉም "እርስዎ" ነው። "አበልጄ፣ ዛሬስ እንደ በቅሎ ያኮርፋሉ!" ብላ አንዷ ሌላዋን ስትተርብ እንኳ በአክብሮት ነው። እዚያ አበልጅን "አንቺ" ማለት አደባባይ ላይ በጥፊ ከመምታት አይተናነስም።

ቅዳሜ ኦብዱሊያ ከዋና ከተማ የመጡ ጎብኚዎችን አስከትላ ወደ ኒካኖራ ግቢ ገባች። ኒካኖራ እንስራ በድንጋይ እያለሰለሰች ነበር።

"ደህና መጡ አበልጄ! ባቄላው ደርሷል፤ እንግዶችዎን ያስቀምጡ" አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

ኦብዱሊያ ወደ እንግዶቹ ዞራ የተደረደሩትን እንስራዎች አሳየቻቸው። "ይሄ ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። እሷ ተላላኪዬ ነች።" ከዚያ ጣቷን አጮኸች፤ "አንቺ! ያንን ትልቁን ወዲህ በይ!"

ለኒካኖራ የእንስራዎቹ ነገርስ ይሁን፤ ነገ ሌላ ትሠራለች። "አንቺ" የሚለው ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ቢሆንም እንስራውን አንስታ አቀበለች።

እንግዶቹ ሲወጡ ኦብዱሊያ ቀረት ብላ አንሾካሾከች። "አበልጄ፣ እንዳይቀየሙኝ፤ ለገበያ ብዬ እኮ ነው። እሁድ ለልጃችን ልደት እመጣለሁ።"

ኒካኖራ ድንጋይዋን አንስታ ማለስለሷን ቀጠለች፤ ቀናም አላለች።

"አበልጄ የምትይው ማንን ነው፣ አንቺ?"