አባቴን ስታዲየም ልጋብዝ ብዬ

ባለፈው ሳምንት የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዬን አቁሜ የቤዝቦል ትኬት በስልኬ ስገዛ፣ ከቅመማ ቅመም ሱቁ በር ትኩስ የገብስ ቆሎ ሸተተኝና ልቤ ወደ ልጅነቴ ስታዲየም ሄደ። ስልኩ ግን ትዝታ አያውቅም፤ ወንበሮቹ የሚቆዩልሽ ለጥቂት ደቂቃ ነው እያለ ጊዜ ይቆጥርብኝ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ትኬት የሚገዛው ከመስኮት ነው። አባቴ ቆሎውን ጠቅልሎ በጃኬቱ ኪስ ይይዛል፣ ጎረቤታችን ጋሼ ተሰማ ፓሳዴና ከተማ ካለው ሥራቸው ወጥተው ቀጥታ ይመጣሉ፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስም ዋናው ጨዋታ ይጀመራል፤ አባቴ «በሞቴ፣ ዛሬ እኔ ነኝ» ብሎ የጋሼ ተሰማን እጅ ወደ ኪሳቸው ይመልሳል፣ እሳቸው በብብቱ ሥር ብር ያሾልካሉ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ፈረንጅ ሰዎቹ የተጣሉ መስሎት ይሸሻል፣ ሻጯ ሴትዮ እየሳቀች ቀድሞ የደረሳትን ትቀበላለች። ከዚያ እላይ ጥግ ወዳለው ርካሽ ወንበር እንወጣና አባቴ ረድፉን ሁሉ ቆሎ እያዘገነ የጨዋታውን ሕግ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ያስረዳል። ሁለት ደሞዝተኛ እኔ ልክፈል ብሎ የሚሻማበት ዋጋ ነበር።

ዘንድሮ መስኮት የለም፣ ሴትዮዋም የለችም፣ ጥሬ ብርም አይቀበሉም። ያው እላይ ጥግ ያለው ወንበር ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ይሁን ብዬ ስገባ የአገልግሎት ክፍያ ይለኛል፣ ቀጥሎ የማስተናገጃ ይለኛል። ማን አስተናገደኝ? ራሴ መረጥኩ፣ ራሴ ጻፍኩ፣ ራሴ ተቃጠልኩ። መኪና ማቆሚያው ደግሞ ለብቻው ነው። በጠራራ ፀሐይ ዝርፊያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የምገዛው ለአባቴ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከልጆቹ ምንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ በቀደም «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ ስታዲየም ብትወስጂኝ» አለኝ። የያዝኩት ወንበር ይስማማው እንደሆነ ልጠይቀው ደወልኩለት።

«ሶ፣ ቶታሉ ስንት መጣ?» አለ።

ለተጋባዥ ዋጋ አይነገርም፤ ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። ንዴቴ ግን አፌን ቀደመውና ከነዝርዝሩ፣ እየተራገምኩ ነገርኩት።

«ተይው ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ድሮም ቤዝቦል ይኼን ያህል አልወድም። ለእናንተ ብዬ ነው እሄድ የነበረው።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የምከፍለው።»

«ቲቪው ይበቃኛል። በዚያ ላይ ቅርብ ሆኖ ይታያል» ብሎ ዘጋው።

ስልኩም ጊዜሽ አልቋል ብሎ ወንበሮቻችንን ለሌላ ሰው ለቀቃቸው። በንዴት መሪውን መታሁት። ሰውን ሁሉ ካልጋበዝኩ ብሎ ይጣላ የነበረው አባቴ፣ ለእኔ ኪስ ሲል የሚወደውን ነገር አልወድም ብሎ ዋሸኝ።