ከመቀመጫዬ ሥር ያለው ቀርከሃ

ስምንት የባትሪ ድንጋዮች መስኮቴ ላይ ተደርድረዋል። ክረምት ነው፤ የጉና ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የቀበሌው ሱቅ አዲስ ድንጋይ ካመጣ ቆይቷል። ጎረቤቶቼ «ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነካት» ሳይሉኝ አይቀሩም። እኔ የምፈልገው ግን ቀላል ነገር ነው፤ ድንጋዮቹ ትንሽ ሞቀው፣ ግቢ ውስጥ ከቆመችው መኪና ቴፕ የባለቤቴን ድምፅ መስማት። ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱም የተቀዳው በእኔ ሞኝነት ነው።

ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፍ ስለሚውል ይመስለኛል፣ ለራሱ የሚተርፈው ቃል ጥቂት ነበር። ከደብረ ታቦር ወረታ እስክንደርስ ሦስት ነገር ቢናገር ነው፤ አንዱም «በሩን ዝጊው» ነው። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ዝምታ ስሰማ አንድ ያጠፋ ተማሪ ያለ ይመስለኛል። ስለዚህ መኪናዋ ቴፕ ይግባላት አልኩ።

መኪናዋ ከአባቱ የወረሳት ክሬም ቀለም ቮልስ ናት። ዳሽቦርዷ ላይ የዝሆን ጥርስ የመሰሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት ሬዲዮ አለ፤ መቼ እንደሞተ የሚያስታውስ የለም፤ ባለቤቴ ግን በየሳምንቱ በጨርቅ ይወለውለው ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ የመኪና ቴፕ ሲልክልኝ መካኒክ ጠራሁ። መካኒኩ አየት አድርጎ «ይሄ ሬዲዮ ይነቀላል፤ ቀዳዳው በመጋዝ ይሰፋል» አለ። ባለቤቴ በመኪናዋና በመጋዙ መካከል ቆመ።

«የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው» አለ። በቃ።

እኔም ዝም ብል ምን ነበረበት? «መልኳ ሳይነካ እኔ አስገባዋለሁ» አልኩ፤ የሽቦ ነገር የማውቅ ይመስል። ቴፑን ክዳን ባለው የፊት ኪሷ ውስጥ ከተትነው፤ ሲዘጋ ምንም አይታይም። ድምፅ ማጉያዎቹን ከኋላ ወንበር ጀርባ አስቀምጬ በአሮጌ ነጠላዬ ሸፈንኳቸው። የቀረው ኃይሉ ነበር፤ የመኪናዋ ባትሪ ስድስት ቮልት፣ ቴፑ የሚፈልገው አሥራ ሁለት። መካኒኩ «እንግዲህ!» ብሎ ሳቀብኝ። በእልህ ስምንት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ቀርከሃ ውስጥ ደረደርኩ፤ ጫፉን በአልጋ ሞላ ወጠርኩ፤ ሁለት ሽቦ አውጥቼ ከመቀመጫዬ ሥር አሰርኩት። ለሙከራም ከትምህርት ቤት በተዋስኩት መቅጃ የራሴን ዘፈን በካሴት ቀዳሁ፤ የሠርግ ዘፈን፣ አንድም ስንኝ ሳላስቀር።

ሠራ። መካኒኩ ራሱ አጨበጨበ። በዚያ የጦርነት ዘመን ከመኪና ወንበር ሥር ሽቦ የበቀለበት ቀርከሃ ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም። ማሰብ የነበረብኝ ግን አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ።

አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ምድሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ለአስተማሪዎች ስብሰባ ወደ ጎንደር ስንሄድ ኬላ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። አሥር አለቃው ጎንበስ ብሎ ቀርከሃውን ሳብ አደረገና ሽቦዎቹን ሲያይ እባብ እንደነካ ሰው ለቀቀው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ ነው» አልኩ።

«ሙዚቃው የታል?»

«ተደብቋል።»

«ለምን ተደበቀ?»

«እንዳይታይ ነዋ!»

የማስተምረው አማርኛ ነው። ከቃል ሁሉ መርጬ ያወጣኋቸው እነዚህን ነው። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ።

ኪሱን ከፍቼ ቴፑን ተጫንኩት። ጸጥ። ውርጩ ድንጋዮቹን ገድሏቸዋል። አንዱ ወታደር ሳንጃውን መዝዞ ዳሽቦርዱን ሊፈለቅቅ ሲጠጋ ባለቤቴ ዘሎ ወረደ።

«የአባቴ ሬዲዮ ነው! እኔን ውሰዱኝ፣ እሱን አትንኩት!»

ስለ እኔ ምንም አላነሳም።

«ድንጋዩ በርዶት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ፀሐይ ላይ ይሰጣ! ካልዘፈነ ያን ጊዜ እሰሩን!»

አሥር አለቃው ቀርከሃውን በጥንቃቄ አዘነበለው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ፊቱ ፈታ አለ።

«ስንተኛ ፀሐያቸው ነው?» አለኝ።

«አራተኛ።»

«እናቴም ለሬዲዮዋ እንዲሁ ታደርጋለች። ከአምስት አያልፉም፣ እትዬ።»

የመኪናዋ ኮፈን ላይ አሰጣናቸው። ፀሐይዋ እስክትጠነክር ወታደሮቹ እየተፈራረቁ እንደ ገብስ ያገላብጧቸው ነበር። ገበያተኞች አህዮቻቸውን አቁመው ያዩናል። ረፋድ ላይ መልሼ ደረደርኳቸውና ተጫንኩት።

የወጣው የእኔ ድምፅ ነው፤ ከኮረብታ እስከ ኮረብታ። የዘፈኑ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ አንዲት አህያ መለሰችልኝ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ አሥር አለቃው «ተዪው፣ እስከ መጨረሻው!» አለ። ቆመው ሰሙኝ። ዘፈኑ አልቆ ጥቂት ጸጥ አለ። ከዚያ የቤታችን በር ሲከፈት ተሰማና፣ መቅጃው እየሠራ መሆኑን ያላወቀው ባለቤቴ «ጨረስሽ?» አለ።

ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አሥር አለቃው የባለቤቴን ትከሻ ቸብ አደረገው።

«ጋሼ፣ አንቱንስ ማሰር ጽድቅ ነበር። ያርፉ ነበር እኮ!»

አሳለፉን። ባለቤቴ እስከ ወረታ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ጥሩ ጥሩ ካሴት ባመጣለት የሚያጫውተው ያንን ብቻ ሆነ።

ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ካሴቱን በጎረቤት ቴፕ መስማት እችል ነበር። ግን እልኸኛ ነኝ፤ ከዚያችው ኪስ፣ ከመሪው ጎን ተቀምጬ ካልሰማሁት አልኩ። ባለፈው ማክሰኞ ደመናው ገለጥ ሲል ድንጋዮቹን አሰጥቼ፣ አገላብጬ፣ መቀመጫዬ ላይ ወጣሁ። የአባቱ ሬዲዮ እንዳለ ነው፤ ጭረት የለውም። ተጫንኩት። ድምፄ እንደ ታመመ ሰው እየተጎተተ ወጣ። እሱ ያን ሁሉ ዓመት የታገሠውን እኔም ታገሥኩት። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ድንጋዮቹ ደከሙና ቆመ፤ እሱ በሩን ሊከፍት ሲል። አንድ ስንኝ ቀንሼ ብዘፍን ኖሮ!

ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ለቅሶውም መጣ።

ካሴቱን አውጥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ይህን የምጽፍበትን እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቼ፣ ቀስ እያልኩ አዙሬ ክሩን ከዘፈኔ አሳለፍኩት። በግምት ነው፤ ብዙም እንዳላሳልፈው ሰግቼ ከመጨረሻው ስንኝ ጥቂት ተውኩ።

ድንጋዮቹ ማክሰኞ ያዩት አራተኛ ፀሐያቸውን ነው። አንድ ይቀራቸዋል። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ገልጬ ወደ ጉና አያለሁ።