ባለኩሉና የጋሽ ይማም እህት ሰርግ

እዚህ ሪያድ፣ በምሠራበት ቤት፣ የማዳም ዓባያ የሚተኮሰው ሁልጊዜ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው። ያን ቀን ሰባተኛው ላይ ልሁን ስምንተኛው ላይ እንጃ፣ ወገቤ ከእኔ ተለይቶ ለብቻው ሊቀመጥ በፈለገበት ሰዓት፣ ከማዳም ልጅ ክፍል የጊታር ድምፅ መጣ፤ ከጊታሩ ቀጥሎ አንድ የጎረነነ የወንድ ድምፅ። ካውያውን ዓባያው ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። የባነንኩት ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው፤ ዕድሜ ለጥቁር ቀለም፣ ማዳም እስከ ዛሬ አላወቀችም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልሰማሁትን ዘፈን ከነትንፋሹ ለየሁት። ባለኩሉ ነበር።

ባለኩሉ ብለን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። እውነተኛ ስሙን ማን ያውቃል፤ የሚዘፍንበት ፊልም በእንግሊዝኛ፣ እኛ ገና አምስተኛ ክፍል። ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ባለችው ከተማችን የጋሽ ይማም ቪዲዮ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደ፣ አግዳሚው ቀሚስ የሚቦጭቅ፣ የላቡና የእግሩ ሽታ የት እንደዋልን ለእናቶቻችን የሚያሳብቅ። የጋሽ ይማም ካሴቶች ሁሉ ድብድብ ሲሆኑ፣ ሰውዬው እየዘፈነ የሚደበደብበት ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ጠጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ ቀይ ሱሪ የለበሰ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ የተኳለ፣ በተሰበረ አውቶቡስ ውስጥ የሚኖር ሰው። የከተማው ሰው ዓይኑን እየፈራ ልጆቹን ይሰበስብበታል፣ በድንጋይ ያባርረዋል፤ እሱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጊታሩን ክሩ እስኪበጠስ ይመታል። ወንዶቹ ልጆች ወዲያው ሰለቻቸው። እኔና ጓደኛዬ ዘሐራ ግን ወላሂ አበድን። ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን እያንጎራጎርን ውሃ ቀዳን፣ ከምድጃ ጥቀርሻ ወስደን አንድ አንድ ዓይናችንን ተኳልን፤ ለዚያ ኩል የቀመስኩት ዱላ ዛሬም ክረምት ሲመጣ ያመኛል ልል ነበር፣ ግን እዚህ ክረምት የለም።

ዘሐራ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። አባቷ የአገሩን ማረሻ ሁሉ የሚያበጅ ሰው ነበር፤ ማረሻውን ሊወስድ የመጣ ሁሉ ግን ልጁን ይሸፍናል፣ ዓይናቸው ይበላል ይባላላ። ሰርግ ቢጠሩ እንኳ ምግቡ የሚቀርብላቸው ከዳሱ ውጭ ነው። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ዘሐራ የጠጣችበትን ጣሳ ለብቻው ታስቀምጥ ነበር። ዘሐራ ይሄን እያየች እንዳላየች ትሆናለች፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ጓደኝነታችን የቆመው በዚህ ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ባለኩሉ ጊታሩን አንግቶ፣ ከተማው ሁሉ የተሰበሰበበት አዳራሽ በር ላይ ይደርሳል። ሊያንኳኳ እጁን ያነሳል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዝናብ ይዘንብና ድንገት ዳስ ይመጣል፤ ድቤ ይመታል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ አክስቴ ሩቂያ ትከሻዋ እስኪወልቅ ትጨፍራለች። የጋሽ ይማም እህት ሰርግ ነው። በውሰት ካሜራ አስቀርጾ፣ ባዶ ካሴት ሲያጣ ባለኩሉ ላይ ገለበጠበት። እኔ በሰርጉ ሰሞን ኩፍኝ ይዞኝ ቤት ተዘግቶብኝ ስለነበር፣ ያመለጠኝን ጭፈራ ያየሁት እዚያው ነው። ዘሐራ ሰርጉ ሲመጣ ወደ ፊት ዘንበል ትላለች፤ ዓይኗን አትነቅልም። ስንወጣ፣ «አየሽ፣ በመጨረሻ አስገቡት» ትለኛለች። ኧረ የይማም እህት ሰርግ ነው ልላት አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። የተጠላ ሰው በሰርግ ሲያልቅለት ማየት ካስደሰታት እኔ ምን አገባኝ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሃያ ጊዜ ሳናየው አንቀርም። ኋላ ካሴቱን ዴኩ በላው፤ ጋሽ ይማም ክሩን ጎልጉሎ ለወፍ ማባረሪያ ማሽላው ላይ ወጠረው። ንፋስ በመጣ ቁጥር እዝዝ ሲል እኔ በሳቅ ወደቅሁ፤ ዘሐራ አልሳቀችም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ካውያውን ነቅዬ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በእኔ አረብኛና በእሷ ትዕግሥት እንግባባለን። አንድ ዓይኗን ብቻ ኩል ተቀብታ ሳያት ሳቄ መጣ። እሷና ጓደኞቿ ይሄን አሮጌ ፊልም ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ ብላት አላመነችኝም፤ ዜማውን ሳንጎራጉርላት ግን ትራስ ስባ አስቀመጠችኝ።

አብረን እስከ መጨረሻው አየነው። የአዳራሹ በር አልተከፈተም። ባለኩሉ እጁን እንዳነሳ ቆየ፤ ውስጥ የእሱኑ ዘፈን ሲዘፍኑ ሰማ። ሳያንኳኳ እጁን አወረደ። ቧንቧ ላይ ዓይኑን ታጠበ፣ ኩሉ ግማሹ ብቻ ለቀቀ፣ ከዚያ አስፋልቱን ይዞ ሄደ። ኸላስ፣ አለቀ። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ከርሜ ዳሱንና አክስቴን ስጠብቅ ነበር። ማዳም ያላ ብላ ስትጠራኝ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ዕለት ጉበይራ ሰፈር፣ ዘሐራ ዘንድ ሄድኩ። እሷም አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። ስድስት ሆነው በሚያድሩባት ክፍል ሻንጣዋን ስታስር ደረስኩ። መንገዱን ሙሉ ልንገራት አልንገራት ስል ነበር። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ጉልበቷን እዚህ ጥላ ለምትሄድ ሴት ያችን አንዲት ሰርግ ደግሞ ልቀማት? አላስቻለኝም። ፊልሙን አገኘሁት፣ መጨረሻው ያው ነው፣ አስገቡት ብዬ ዋሸኋት።

ሻንጣውን ትታ አየችኝና ሳቀች፤ የደከመ ሳቅ።

«አንቺ ደግሞ፣ የይማም እህት ሰርግ መሆኑ የጠፋኝ መስሎሽ ኖሯል? እዚያው ነበርኩኮ። ዳሱ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ቢጫ ሻሽ አስሬ። ካሜራው አክስትሽን ሲከተል አንዴ በእኔ በኩል ያልፋል። ሌላ የልጅነት ፎቶ የለኝ፣ ያንን ለማየት ነበር የምገባው። አስገቡት የምልሽም የይማም እህት ሰርግ ነው ካልኩሽ፣ አንቺን ግን ደጅ አቆሙሽ ትይኛለሽ ብዬ ነው።» ቀጥላም እንደ ቀልድ፣ «አላየሽኝም እንዴ?» አለችኝ።

አላየኋትም። ሃያ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ አክስቴን ብቻ ነው ያየሁት። ልብሷን ማጠፍ ጀመርኩ፤ እሷም አብሽሪ ብላ ሌላ ልብስ አቀበለችኝ። ባለኩሉን አሁን ማንም በፈለገው ጊዜ ከነመጨረሻው ጥርት አድርጎ ያየዋል። ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ልጅ ግን ያለችው በጋሽ ይማም ካሴት ላይ ብቻ ነበር፤ እሷም ክሩ ላይ እንዳለች የማሽላ ወፍ ስታባርር አለቀች፤ እኔም እዚያው ቆሜ ስስቅ ነበር።