ወይብ ዳር የጠፋው ሞተር

«ዝምተኛ ስለሆንሽ ነው ለልጄ የመረጥኩሽ» ያሉኝ አማቴ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት አስወጥተው በዳሩኝ ሰሞን።

ከሸዋ መጥተን ወይብ ወንዝ ዳር መሬት በተሰጠን ዓመት፣ ባለቤቴ አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ፈታትቶ ጠገነ። የጎሮ ገበያተኛ ሊያሻግርበት ነው። ሞተሩ ግን ከስንት ጉተታ በኋላ ይነሳና፣ ነዳጅ ቀነስ ሲደረግለት በቀስታ መዞሩን፣ ሚኒሞውን፣ አልይዝ ብሎ፣ ተንተፋትፎ ይጠፋል። ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፤ ያው ነው።

«ጂሎ ድግምት ደግሞበት ነው!» አለ በመጨረሻ።

ጂሎ እኛ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ እዚያው ወንዝ ላይ በታንኳ ሰው የሚያሻግር የአገሩ ሰው ነው።

«ጌቶች፣ ወላሂ፣ እኔ የብረት ነገር ምን አውቃለሁ?» ቢል ማን ሰምቶት! ባለቤቴ ጎጆውን አስፈርሶ ከነልጆቹ አባረረው።

በማግስቱ ልጄን እንዳዘልኩ፣ ከሞተሩ ነዳጅ መያዣ፣ ከሰልባትዮው ሥር ቤንዚን በብርጭቆ ቀዳሁ። ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፍፎ ከሥሩ ውሃ ተኝቷል።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ውሃ ማን ጨመረበት?» አልኳቸው አማቴን።

«ውሃ ትያለሽ እንዴ? ጠበል ነው እንጂ! የጂሎ ዓይን እንዳይበላው በየጠዋቱ ጠብ አደርግለታለሁ።»

ብርጭቆውን ባለቤቴ ምሳ ከሚበላበት ገበታ መሃል አስቀምጬለት ወጣሁ።