ሙሽራው ከፊት ይሮጣል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ስለኖረ ጀርባው ጎብጦ ቀርቷል። እናቴ ከሞተች በኋላማ ጭራሽ ከወንበሩ አልነሳ አለ። እኔ አጠገቡ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ብዙ አናወራም። እኔም ወሬ አልችልበትም፣ እሱም።

ከወንበሩ ያስነሱት ጎረቤታችን ጋሼ በያጁ ናቸው። የብረት በር ሲበይዱና ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው ደንዝዟል፤ እሳቸው ሲያወሩ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ይሮጣሉ፣ ሩጫ ከተባለ። አንድ ቀን መቀሱን ከእጁ ነጥቀው አባቴን ይዘውት ሄዱ።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ፣ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ፊቱ ወዝ አወጣ። ላቡን እየጠረገ ሲገባ ያፏጫል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ሰውነቴን ተርትሬ እንደ አዲስ የሰፋሁት መሰለኝ" አለኝ አንድ ጠዋት።

የሽማግሌዎቹ ሩጫ ሕግ አለው። ከሁሉም የደከመው ሰው ከፊት ይሆናል። ማንም አያልፈውም፤ ሁሉም በሱ እርምጃ ይሄዳል። እንደ ሚዜ ስለሚያጅቡት "ሙሽራው" ይሉታል። ጠንካራው መጨረሻ ላይ ነው። አባቴ ሲጀምር ሙሽራ ነበር፤ ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። እያደር ግን ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ጋሼ በያጁንም ከፊቱ አድርጎ የሁሉም መጨረሻ ሆነ። የዚያን ቀን ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሳይሰማ አልሄደም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ጨርቅ እየቆረጠ ሳለ ደረቱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ሲደገፍ አየሁት። ጨጓራ ነው አለኝ። በሌላ ቀንም አየሁት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ነገ ይላል። ሩጫውንም አልተወም፤ ሲደክመው ብቻ ከመንገድ ታጥፎ ለብቻው ቤት ይገባል። ሽማግሌዎቹም ሱቁን ሊከፍት ነው እያሉ ለመዱት።

እንደምንም ደፈርኩና፣ "አባዬ፣ እስኪሻልህ ከፊት ሁን። እዚያ ያዩሃል" አልኩት።

መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ ነበር፤ ቀና አላለም።

"አንዴ ተሞሽሬያለሁ፣ ይበቃኛል" አለ፤ ሳቀም። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጋሼ በያጁ ላባቸውን ሳይጠርጉ ሱቁ ደጃፍ መጡ። "ይሄ ቀልጣፋ ቀድሞን ገባ?" አሉ። አልመጣም አልኳቸው። አልሰሙኝም። ጮክ ብዬ ስደግምላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

አብረን በመጡበት መንገድ ተመለስን። ከሳሙና ፋብሪካው አጥር ሥር ተደግፎ ተቀምጦ አገኘነው። ጠጠር የገባበት ይመስል አንድ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል። መንገድ የምትጠርገው ሴት የሚያርፍ መስሏት ዙሪያውን ጠርጋ አልፋለች። እጁን ስይዘው ቀዝቅዞ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ በያጁ ሩጫውን ተዉ። ሱቅ እየመጡ ከአባቴ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። "ከኋላዬ እኮ ነበር" ይላሉ። "ሌላ ሰው ቢሆን ኮቴው ሲቆም ይሰማው ነበር። የኔ ጆሮ ግን..." ይሉና ይተዉታል። ተቀምጠው እየዋሉ እየዋሉ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ቀጥሎ የምቀብረው እሳቸውን መሰለኝ።

መናገር ባልወድም ተናገርኩ። "ጋሼ፣ አባዬ ሲያፏጭ የሰማሁት በእርስዎ ነው" አልኳቸው፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። ሰኞ ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ሲወጡ አየኋቸው።

አሁን ሱቁን ስከፍት ሁሉም በፊቴ ያልፋሉ። ሙሽራ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአንዳቸውም አፍ አልሰማሁም። መጨረሻ ላይ ያሉት ጋሼ በያጁ ናቸው። ከሳቸው ኋላ ማንም የለም፤ እሳቸው ግን ትንሽ ሄድ ባሉ ቁጥር ዞር ብለው ያያሉ።